የኳች አንገት

የሺአረግ ይግዛው በሬ ይማርካታል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም፤ እሷ ራሷም አልጠረጠረችም። አባቷ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው ጋምቤላ ውስጥ አቦቦ በኩል የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። እርሻ ላይ ያደገችው ልጅ ኮሌጅ ገብታ የሕንፃ ንድፍ ስትማር ቶሎ ብላ የረሳችው ነገር ቢኖር በሬ ነው። ፈልጋ ነው የረሳችው። አንደኛ ዓመት ላይ መምህሯ ኢንጂነር ወልደሥላሴ ሥራዋን ከጠረጴዛው አንሥተው፣ ለክፍሉ ከፍ አድርገው እያሳዩ፣ ይህን የሠራው ሰው ነው ወይስ በሬ ብለው ጠይቀው ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው በማግስቱ ረስተውታል፤ እንዲህ ያለ ነገር ተናጋሪው ላይ አያድርም። እሷ ላይ ግን አደረ፣ ሰነበተ፣ ቤት ሠራ።

ተመርቃ ወደ ጋምቤላ ስትመለስ ክልሉ ገና ክልል መባሉን እየተለማመደ ነበር። ቢሮ የሚባለው ግማሹ የድሮ መጋዘን፣ ግማሹ የተዋሱት ቤት ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ወንበር ከትምህርት ቤት ይጋዛል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ የወንበሩ ቁጥር አልሞላም ተብሎ ሌላ ስብሰባ ይጠራል። ስለዚህ አንድ የወግ አዳራሽ ይሠራ ተባለ፤ ንድፉም ለየሺአረግ ተሰጠ። ጎበዝ ስለሆነች ነው ብንል ደስ ባላት ነበር፤ እውነቱ ግን በቢሮው ውስጥ ከእሷ ሌላ አርክቴክት አልነበረም።

አዳራሹ ራሱ አላስቸገራትም። ያስቸገራት ደጁ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ስብሰባ የሚጀመረው ውጭ፣ ጥላ ሥር ነው፤ ግማሹ ሰው ጭራሽ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ዋናው ነገርም ብዙ ጊዜ እዚያው ደጅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ወደ ባሮ የሚያይ፣ ብዙ ሕዝብ የሚያስጠልል ሰፊ ታዛ ፈለገች፤ መካከሉ ላይ ምሰሶ የማይገተርበት፣ ሰው ከሰው የማይጋረድበት። እንዲህ ያለ ታዛ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ሲሠራ ግን ይወድቃል። ሣለች፣ ቀደደች። ደግማ ሣለች፣ ደግማ ቀደደች። ጽዳት ሠራተኛዋ የወረቀት ቅርጫቱን ስትደፋ በአዘኔታ ታያት ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከቢሮ ሲያባርራት ወደ ወንዙ ወረደች። ከብት ውሃ ይጠጣል። ከመካከላቸው አንዱ፣ እንደ ነብር ዥንጉርጉር የሆነ በሬ፣ ያንን ትልቅ ቀንድ ተሸክሞ አንገቱን እስከ ውሃው ዝቅ አደረገ፣ ጠጣ፣ ምንም እንዳልተሸከመ ሁሉ ቀና አለ። እንደገና ዝቅ፣ እንደገና ቀና። የሺአረግ ባለችበት ቆማ ቀረች። ያ ሁሉ ክብደት ከፊት ተንጠልጥሎ ከታች የሚደግፈው ነገር የለም። የያዘው ከኋላ፣ ከሻኛው ነው።

የበሬው ባለቤት ጆክ ኮንግ ሆኖ ተገኘ። ጆክ በዚያው ቢሮ የዕቅድ ባለሙያ ነው፤ እኩያዋ፣ ሻይ ሲጠጡ አማርኛዋ እንደ ዝናብ ይወርዳል እያለ የሚቀልድባት። በሬውን አባቱ የሰጡት ጆክ ግንባሩ ላይ የወንድነት መስመር የተሰመረለት ጊዜ ነው። በኑዌር ወግ ወጣቱ እንዲህ ያለውን በሬ ሲቀበል ስሙንም አብሮ ይቀበላል፤ እኩዮቹ በበሬው ስም ይጠሩታል፣ እሱም ለበሬው ይዘፍንለታል። በሬው ኳች ይባላል፤ ስለዚህ አብረውት ላደጉት ጆክም ኳች ነው። ጆክ ከረባት አስሮ ሪፖርት ሲያቀርብ እንኳ፣ ከወንዝ ማዶ አንድ ሰው ኳች ብሎ ቢጣራ ዘወር ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የሺአረግ ቅዳሜና እሑድን ከበሬ ጋር አሳለፈች። በበጋ የጆክ ወንድሞች ከብቱን ከኢታንግ ወዲህ ወደ ከተማው ዳር ያመጡታል። ጆክ ካልፈቀደ ማንም ኳችን አይነካም፤ ለእሷ ግን እጇን ይዞ አንገቱ ላይ አስቀመጠላት። በሬው ሲያጎነብስ ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ሲለጠጥ፣ ቀና ሲል ደግሞ ሲሰበሰብ በመዳፏ ተሰማት። ሥጋ ቤት ሄዳ ያንን ነገር አሳዩኝ ብላ ለመነች፤ ከሻኛው ተነሥቶ እስከ ራስ ቅሉ የሚሄድ፣ ቢላዋ የሚያስቸግር ቢጫ ጅማት ነው። ራሱን የሚሸከመው ጡንቻ አይደለም ማለት ነው። ጅማቱ ከሻኛው ላይ ተወጥሮ አንገቱን ይይዘዋል፤ በሬው ሳይደክም ቀኑን ሙሉ ሲግጥ ይውላል።

ታዛው ተፈታ። የአዳራሹ ጣራ ጀርባ ሆነ፤ ከበሩ በላይ ወፍራም ጉብታ ተነሣ፤ ከጉብታው የብረት ገመድ ተወጥሮ ወደ ፊት የተዘረጋውን ታዛ ያዘ። ነፋስ ሲመታው ትንሽ ዝቅ ብሎ መልሶ ቀና ይላል። ምሰሶ የለም። በካርቶንና በሽቦ ሞዴል ሠርታ ለጆክ ስታሳየው፣ ጣቱን ታዛው ጫፍ ላይ አድርጎ ጫን አለው፤ ዝቅ አለ፣ ተነሣ። ጆክ አንድ ነገር ብቻ ለመናት። ትላልቆቹ ሰዎች ፊት ስታቀርቢው የኳች ነው በይ፤ ስሙን ጥሪው። እሷም አፌን ሞልቼ እናገራለሁ አለችው። ደግሞ ከልቧ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ቃል ሰው የሚገባው ሁልጊዜ ከልቡ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ኋላ ነው።

ኋላውም በአውሮፕላን መጣ። ንድፉን የሚመረምሩት እንግዶች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ታውቆ ነበር፤ የቡድኑ መሪ ኢንጂነር ወልደሥላሴ መሆናቸውን ግን የሺአረግ የሰማችው ለመቀበል አየር ማረፊያ ከሄደች በኋላ ነው። ሰውዬው ጸጉራቸው ሸብቷል እንጂ ያው ናቸው። አቅፈው ሳሟት፤ ተማሪዬ ነበረች ብለው ለጓደኞቻቸው አስተዋወቋት። በመኪናው ውስጥ መልሳ መልሳ ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ እኚህን ሰው ፊት ለፊት ቆሜ በሬ ነው ልላቸው ነው?

ቢሮ ስትደርስ ጆክ በር ላይ ይጠብቃታል። ፊቱ በርቷል። አባቱ ኮንግ ከኢታንግ ወዲያ በእግራቸው መምጣታቸውን፣ ኳችንም ይዘውት እንደመጡ፣ ግቢው ውስጥ የኒም ዛፉ ሥር እንደቆሙ ነገራት። በመስኮት አየች። ሽማግሌው ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ቋጥረው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ቆመዋል። የኳች ቀንዶች ጫፋቸው ላይ ጭራ ታስሮላቸዋል፤ አንገቱ ላይ ቃጭል አለ፤ ገላው ታጥቦ ያበራል። ለሰርግ እንኳ እንዲህ አይኬድም። የሺአረግ በጣም ጥሩ ነው ብላው ሞዴሏን አንሥታ ወደ ስብሰባው ገባች።

ስብሰባው በደንብ ተጀመረ። ስለ መሬቱ ተናገረች፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ነፋሱ አቅጣጫ። ጆክ ከግድግዳው አጠገብ፣ ከአኙዋኩ የምክር ቤት አባል ከአቶ ኡጁሉ ጎን ተቀምጧል። ከእንግዶቹ አንዱ ሞዴሉን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ፣ ይቺ ጉብታ ግመል አስመሰለችው አለ። ተሳቀ። የሺአረግም አብራ ሳቀች፤ ለምን እንደሳቀች አላወቀችም፤ ሳቁ ግን ከማንም የበለጠ ጎልቶ ተሰማ።

«እስቲ የኔ ልጅ» አሉ ኢንጂነር ወልደሥላሴ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ሀሳቡ ከየት መጣልሽ?»

ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። ሁለት ፊደል ነው፤ ኳች። ከመነጽሩ ኋላ የወጡትን ዓይኖች አየች፤ ያንን ክፍል አየች፤ ያ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ።

«ከወፍ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ክንፉን ዘርግቶ ሊነሣ ካለ ወፍ።»

ሰውዬው ፈገግ አሉ። ወፍ ደስ ይላቸዋል፤ ወፍ የማይወድ አርክቴክት የለም። ከዚያ ግን እውነተኛ መምህር ናቸውና እንደ መምህር ቀጠሉ። ወፍ ከሆነ ሻኛ ምን ያደርግለታል? ወፍ ቀላል ነው፤ ጀርባው ለስላሳ ነው። በሁለት ጣታቸው ከሞዴሉ ላይ ጉብታውን ነቀሉት። ሽቦው አብሮ ተነቀለ። ታዛው ዝግ ብሎ ወደ ታች ወርዶ ግንባሩ ጠረጴዛውን ነካ። ሰውዬው አልተጨነቁም፤ ሁለት እርሳስ ከሥሩ አቁመው ቀና አደረጉትና፣ ይኸው፣ ሁለት ቀጫጭን ምሰሶ ይበቃዋል አሉ።

የሺአረግ ልትከራከር ትችል ነበር። ምሰሶ እንዳይኖር ነው ይህ ሁሉ የተደከመው ማለት ትችል ነበር። ግን ሻኛው ለምን እንዳስፈለገ ለማስረዳት በሬውን መጥራት አለባት፤ በሬውን ደግሞ አሁን ብትጠራው ቅድም ዋሽታ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። አቶ ኡጁሉ ጉሮሮአቸውን ጠረግ አድርገው፣ እኛ የሰማነው ሌላ ነበር፤ ለምክር ቤቱም ጆክ የኳች ነው ብሎ ነግሮን ሁላችንም ተስማምተንበት ነበር አሉ፤ ወደ እሷም አዩ። ያቺ የመጨረሻዋ በር ነበረች። የሺአረግ በኋላ ለራሷ፣ የኑዌርን በሬ ብጠራ አኙዋኩ ቅር እንዳይለው ነው ብላ ልታመካኝ ትችል የነበረውን ምክንያት እንኳ እኚሁ ሰው ከእጇ ነጠቋት። ወረቀቷን ስታስተካክል ቆየች። ጆክ ወለሉን ነበር የሚያየው።

ሲወጡ ግቢው ውስጥ ኳች ቃጭሉን አቃጨለ። ኢንጂነር ወልደሥላሴ ቆሙ። ምን ዓይነት የሚያምር ከብት ነው፣ ደግሞ ማን ነው እንዲህ ያስጌጠው ብለው ጠየቋት። ጆክ ከኋላዋ በክንድ ርቀት ላይ ነበር፤ ትንፋሹን ትሰማለች።

«የአካባቢው ሰው ከብት ነው» አለች። «ለውሃ ሲወርዱ በዚህ ያልፋሉ።»

አየ የሺአረግ። አንዱ ውሸት አልበቃ ብሏት ይኸው ሁለተኛውን ደረበችበት። ይህኛውን ደግሞ በሬው ፊት፣ ባለቤቱ ፊት፣ የሰጠው አባት ፊት።

ሽማግሌው አማርኛ አይሰሙም። ልጃቸውን ምን አለች ብለው እንደጠየቁት ግን ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ጆክ ወደ አባቱ ሄደ። ረጋ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ ተናገረ። የሺአረግ ከኑዌርኛ የምታውቀው ሰላምታ ብቻ ቢሆንም የራሷን ስም ሰማች፤ የኳችንም ስም ሰማች። የሽማግሌው ፊት ተፈታ። ዘንጋቸውን ለልጃቸው አቀብለው መጡና እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው እንትፍ እንትፍ ብለው መረቋት። በወሎም እንዲህ ይመረቃል፤ አያቷም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ምርቃቱ ጸጉሯ ውስጥ ሲገባ አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እንግዶቹ ፈገግ ብለው ያያሉ፤ ደስ የሚል ባህል ነው ይላሉ። ሽማግሌው ወደ ኳች ዞረው፣ ሁለት እጃቸውን እንደ ቀንድ ወደ ላይ ዘርግተው መዝፈን ጀመሩ። በዘፈኑ ውስጥ ስሟ ነበር።

እንግዶቹ ለምሳ ሲሄዱ ጆክን ኒሙ ሥር አገኘችው። አባቱን ምን እንዳላቸው ጠየቀችው።

«ልትዪው የነበረውን» አለ ጆክ። «ሹማምንቱ ፊት ቆመች፣ አልፈራችም፣ የኳችን ስም ጠራች አልኩት። እሱም እንደዚያ ብሎ ዘፈነ።»

ይቅርታ ልትል ጀመረች። ጆክ እጁን አነሣ።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም። ሽማግሌ ነው፤ ከሩቅ ነው የመጣ። አፍሮ እንዲመለስ ስላልፈለግሁ ነው።»

ማታ ሳይሆን ያኔውኑ፣ እንግዶቹ ሳይሄዱ፣ እውነቱን ልትናገር ወሰነች። እንግዶቹ ከምሳ ተነሥተው ወደ አውሮፕላናቸው ሲሄዱ የቢሮውን መኪና ይዛ አየር ማረፊያ ደረሰች። ቃላቱን በመንገድ ላይ አሰናድታቸዋለች። ኢንጂነር ወልደሥላሴ ግን ቀድመዋት፣ ኮርቼብሻለሁ፣ በአንቺ ትውልድ እንዲህ የሚያስብ አላጋጠመኝም አሉ። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። እንደ ውሃ ጠጣችው። እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ መልካም መንገድ አለች። አውሮፕላኑ ከዓይኗ እስኪጠፋ እጇን ስታወዛውዝ ቆየች፤ ስትመለስ በመኪናው ውስጥ እንባዋ ወረደ። ሾፌሩ አቧራ መስሎት መስኮቱን ዘጋላት።

ጆክ አልተቆጣትም፤ አላኮረፋትም። እርስዎ ይላት ጀመር። ኢንጂነር፣ ፕላኑን አዘጋጅተውልናል ወይ? ኢንጂነር፣ እንደምን አደሩ? አብረው ሻይ ሲጠጡ በአማርኛዋ ይቀልድባት የነበረው ሰው፣ ስትገባ ከወንበሩ ብድግ ይልላት ጀመር። ብትለምነው፣ ብትቆጣው አንቺ ማለቱ አልተመለሰም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

አዳራሹ ተሠራ። ጀርባው ለስላሳ ሆነ፣ ሻኛ የለውም፤ ታዛው ከፊት ሁለት ምሰሶ ላይ ተደገፈ። ምሰሶዎቹ በወረቀት ላይ ቀጫጭን ነበሩ፤ ሲገነቡ ግን ክብደቱን ለመቻል ወፈሩ፤ ከኋላቸው የቆመ ሰው ባሮን አያይም። የሚያየው ሲሚንቶ ነው። አዳራሹ በተመረቀ ዕለት ሽማግሌው ኮንግ ተጠርተው መጡ። የኳችን ቤት ሊያዩ ነው የመጡት። ከጆክ ጋር ታዛው ሥር ገቡ፤ ቀና ብለው አዩ፤ ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ሌላውንም ሄደው መቱት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ። ጆክ ለመተርጎም አመነታ።

«አባቴ ኳችን ምን አገኘው ይላሉ» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከዓይኗ አሽሽቶ። «የታመመ ከብት ነው እንጂ ጤነኛ ከብት አንገቱ በእንጨት አይደገፍም ይላሉ።»

የሺአረግ አሁንም መልስ አላጣችም። በጀት ልትል ትችል ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ልትል ትችል ነበር። ሽማግሌው ግን ያዩዋት የነበረው እንደ መረቋት ቀን ነው፤ ያንን ዓይን መሸከም ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«እውነቱን ንገራቸው» አለችው። «ያን ቀን ስሙን አልጠራሁትም በላቸው። ወፍ ነው አልኩ። ሻኛውን ሲነቅሉት ዝም ብዬ አየሁ። አፈርኩበት በላቸው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ንገራቸው፣ ጆክ።»

ጆክ ነገራቸው። አሁን ሳይጨምር ሳይቀንስ እንደነገራቸው አወቀች፤ ንግግሩ አጭር ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ከምሰሶው ላይ አወረዱ። አልጮኹም። ልጃቸውን አንድ ጊዜ አዩት፤ ያኔ የዋሸው እሱም እንደሆነ ገብቷቸዋል፤ እሱም እንደ እሷ አቀረቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ጆክም ቃል በቃል ተረጎመላት።

«ከዘፈኑ ባወጣሽ ደስ ባለኝ ይላሉ። ግን ዘፈኑ አሁን የእኔ አይደለም፤ ልጆቹ ይዘውት ሄደዋል፤ የማላውቃቸው ሰዎች በማላውቀው ቦታ ይዘፍኑታል። ማንን ይዤ ማንን ተው እላለሁ ይላሉ።»

ይህን ብለው ሽማግሌው ከታዛው ሥር ወጥተው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ጆክ ተከትሏቸው ወጣ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጥላው ይጋፋል፤ ሁለቱ ግን አልተመለሱም። የሺአረግ ልትከተላቸው አሰበች፤ ምን ብላ እንደምትከተላቸው ግን አጣች።

ከኒውላንድ ሰፈር በኩል ለምርቃቱ የተጠሩ ወጣቶች እየዘፈኑ መጡ። በመካከላቸው ጆክንም አባቱንም የማያውቁ ብዙዎች አሉ። ከዘፈኑ የገባት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ኳች፣ የሺአረግ። አንዷ ልጅ አየቻትና ለሌሎቹ በጣቷ አሳየቻቸው፤ ይቺ ናት አለች መሰለኝ። ዘፈኑ ደመቀ። እጆቻቸውን እንደ ቀንድ ዘርግተው፣ እየሳቁ፣ ስሟን እየጠሩ ወደ ታዛው ገቡና ከበቧት። ወደ ኋላ ልታፈገፍግ ሞከረች፤ ከኋላዋ ምሰሶው ነበር።